ወንድሜ እስር ቤት ቴራፒ ጀመረ፣ በወሬ ሰው ይለወጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ ሰው ደብድቦ ታስሯል፣ አሁን እዛው በግሩፕ የሚሰጥ ቴራፒ ጀምሯል። እሱ ድሮም አፈ ቅቤ ስለሆነ ተፀፅቻለሁ ብሎ አልቅሶ ሸውዷቸው እንዳይወጣ እፈራለሁ፣ እናታችን ደግሞ "ልጄ ተለውጧል" ብላ ቀን እየቆጠረች ነው። እውነት ይሄ ነገር ይሰራል? ቤት ሲመጣስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንባውን ለጊዜው ተይው። ፀፀት ጥሩ ነው ግን ሰው ድጋሚ ያጠፋል አያጠፋም የሚለውን በደንብ አይናገርም፣ ለምሳሌ በወሲብ ጥቃት የተፈረደባቸው ሰዎች ላይ የተሰሩ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ጥፋትን መካድም ሆነ ለተጎጂ አለማዘን ድጋሚ ከማጥፋት ጋር ይሄ ነው የሚባል ግንኙነት አልተገኘባቸውም። ስለዚ ጎበዝ ባለሙያ የሚያየው ወንድምሽ እጁን ከማንሳቱ በፊት የነበሩትን ደቂቃዎች ነው። ማን ምን አለው፣ እሱስ ምን አሰበ፣ "ናቀኝ" ነው ወይስ "ዝም ካልኩ ፈሪ ይሉኛል"፣ ጠጥቶ ነበር ወይ፣ እነማን አብረውት ነበሩ፣ ጥሎ መሄድ ሲችል ለምን ቆመ። ይሄን አንድ በአንድ ካወጡ በኋላ ያችኑ ሰዓት በሮልፕሌይ ያመጡለታል፣ አንዱ ይሰድበዋል እሱ ሌላ መልስ ይለማመዳል፣ ደግሞ ደጋግሞ። እዚ ጋ አፈ ቅቤነት ብዙ አያዋጣም። "ንዴትህን አውጣው" እያሉ ትራስ ማስደብደብ ግን አይጠቅምም፣ እንደውም ሊያባብሰው ይችላል።

ይሰራል ወይ ላልሽው፣ በፈረንጆቹ 1974 ሮበርት ማርቲንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት የማረሚያ ፕሮግራሞችን ገምግሞ የፃፈው ነገር "ምንም አይሰራም" ተብሎ ተወሰደና ብዙ ሰው ተስፋ ቆረጠ፣ እሱ ራሱ 1979 ላይ አንዳንዱ ይሰራል ብሎ ሀሳቡን ሲያሻሽል ግን ያን ያህል ሰሚ አላገኘም። ያሳዝነኛል። ከዛ 1990 ላይ አንድሪውስ፣ ቦንታና ሆጅ የሚባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ሆነው ዛሬም የምንሰራበትን አወጡ፦ ጠንካራውን ፕሮግራም ድጋሚ የማጥፋት ሪስኩ ከፍ ላለው ሰው ስጥ፣ ወንጀሉን ያመጣውን ነገር ንካ፣ ሰውየው በሚገባው መንገድ አስተምር። የመጀመሪያውን ሰዎች አይወዱትም፣ ግን ሪስኩ ዝቅ ያለ ሰው ከባድ ፕሮግራም ውስጥ ከባሰባቸው ጋር ሲቀላቀል ሊበላሽ ይችላል። ወጣቶችን እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራትም እንደዛው፣ ተፈትሾ ጥፋት ጨምሮ ነው የተገኘው።

ሁሉም ቴራፒ ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለወሲብ ጥቃት አድራሾች ለዓመታት ሲሰጥ የነበረ ትልቅ ፕሮግራም 2017 ላይ ውጤቱ ሲወጣ፣ ከወሰዱት 10 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8 በመቶ ድጋሚ በወሲብ ወንጀል ተገኝተው ነበር፣ ፕሮግራሙም ተነስቶ በሌላ ተተካ። ይሄን ያህል በግልፅ መለካቱን እኔ አደንቃለሁ፣ ሳይለካ ስንቱ ነገር ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ቤት ሲመጣ "ግሩፕ ላይ ምን አወራችሁ" ብላችሁ አታስጨንቁት፣ የሌሎቹ ሚስጥርም አለበት። ይልቅ "ንዴት ሲጀምርህ በምን እናውቃለን፣ ያኔ ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ" በሉት፣ ፕሮግራሙን በደንብ የወሰደ ሰው ለዚ መልስ አለው፣ ከሌለው ከመውጣቱ በፊት ከባለሙያው ጋር እንዲሰራው ንገሪው። ስራ፣ መጠጥና የድሮ ጓደኞቹ ላይ ከቴራፒው እኩል አስቡበት፣ ከወጣ በኋላ የሚከታተለው ሰው መኖሩንም ከአሁኑ ጠይቂ። ለእናትሽ ደግሞ ተለውጧል ከምትል እየተለማመደ ነው ብትል ይሻላል በያት። አንቺን ወይ እሷን ካስፈራራ ግን ቴራፒ ላይ ነው ብላችሁ አትታገሱ፣ ወዲያው ለፖሊስም ለሚከታተለው ባለሙያም ተናገሪ።