አመዱ አያድንዎትም፤ ጥፋቱ ከቱቦው ነው

ከአዘዞ የጻፉልን እናት ችግራቸው ይህ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ከሦስት ተከራዮች ጋር የሚጠቀሙበት፣ ሽንትና ዓይነ ምድር የሚለይ ደረቅ ሽንት ቤት አለ። አሁን ፀሐይ ሲያገኘው፣ አመድ ቢነሰነስበትም ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያመጣል። የታችኛው ክፍልም ረጥቧል። ሽንቱ በቱቦ የሚወርድበትና በሁለት ቀን ይሞላ የነበረው ጀሪካን ዛሬ በሳምንትም አይሞላ። «አፍርሼ ጉድጓድ ላስቆፍር?» ይላሉ።

እናቴ፣ አያፍርሱት። ጎንደር ላይ ጉድጓድ ማለት ከድንጋይ ጋር ትግል ነው። ነገሩን ያጋለጠው ጀሪካኑ ነው። ሽንቱ እዚያ ካልደረሰ ቱቦው ውስጥ ቆሞ፣ ሞልቶ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በረኪና እንዳያፈሱበት! ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል።

ትኩስ ሽንት ብዙም አይሸትም። ቱቦ ውስጥ ሲተኛ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አሞኒያው ደግሞ ሽንቱ ውስጥ ካለው ማግኒዥየምና ፎስፌት ጋር ተያይዞ ድንጋይ ይሠራል፤ ስትሩቫይት ይባላል። አንዴ ከያዘ ቱቦው ይሻክራል፣ የሚቀጥለው ሽንት ይዘገያል፣ ሌላ ድንጋይ ይጨምራል። የገባበት ፀጉርና አመድ፣ ጭድ ለጭቃ እንደሚሆነው ነው። ሲደርቅማ የፋሲል ግንብ ኖራ ይመስልዎታል።

ፎቶውን አየሁት። አምና የጠገነልዎት ሰው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ገጥሞ ሄዷል! መሐሉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። አውጥተው ይጣሉት። 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ ይግዙ፤ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጎደውን ርካሹን አይንኩት። በየሜትሩ 4 ሳንቲሜትር ይውረድ። መታጠፍ ካለበት በአንድ ባለ 90 ዲግሪ ጉሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ሳይሆን በሁለት ባለ 45 ዲግሪ ይሁን።

ጓንት ያድርጉ። ሽንት የሚቀበለውን የፊተኛውን ሳህን አፍ በሽቦ ፈቅፍቀው፣ ከታች ደፍነው አቼቶ ያሳድሩበት። ጠዋት በሙቅ ውሃ ያጥቡት። አሁንም እላለሁ፣ በረኪና የለም! ከአቼቶ ጋር ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው።

ታች የረጠበውን ደረቅ አመድ ያልብሱት። ተከራዮቹ አመድ ከኋላ፣ ከዓይነ ምድሩ በኩል እንጂ ከፊተኛው ሳህን እንዳይጨምሩ ይንገሯቸው።

ሲጨርሱ አንድ ሊትር ውሃ ከፊት ያፍሱ። ወዲያው ጀሪካኑ ውስጥ ካልተንዶቀዶቀ ተዳፋቱን እንደገና ይለኩ።