የኮምፒውተር ጥያቄና መልስ፦ ሀዋሳ በአራት ፊደል

ጥያቄ፦ ለአንድ የግል ክሊኒክ የታካሚዎች መመዝገቢያ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ካርድ ክፍል «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ ሌላ ቀን «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፤ ሁለተኛ ካርድ ይወጣላታል። ከተማችንም ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ እየተባለች ተጽፋለች። ሞክሼ ፊደላቱን (ድምፃቸው አንድ የሆኑትን) ሪፕሌስ (replace) በተባለው የመተኪያ ትእዛዝ ልተካ ብል ምንም አይለወጥም፣ ስህተትም አያሳይም። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?
አንባቢ፣ ከሀዋሳ ታቦር

መልስ፦ ትእዛዙ ሠርቷል፤ ውጤቱን የተቀበለ የለም እንጂ። በፓይተን አንድ ስትሪንግ፣ ማለትም የፊደላት ተከታታይ የሆነ ጽሑፍ፣ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። ሪፕሌስ አዲስ ስትሪንግ ሠርቶ ይሰጣል፣ የድሮው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ስም.ሪፕሌስ("ሠ", "ሰ") ብለው አይለፉ፤ ስም = ስም.ሪፕሌስ("ሠ", "ሰ") ይበሉ።

ይህ ግን ሠን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ለኮምፒውተሩ ሡ፣ ሢ፣ ሣ ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። አምስቱን ሞክሼዎች ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው ቢቆጥሩ 35 መስመር ሪፕሌስ ይሆናል። እኛ የምንመርጠው ትራንስሌት (translate) የተባለውን ትእዛዝ ነው፤ የቁጥር ሰንጠረዥ ይሰጡታል፣ ጽሑፉን አንድ ጊዜ አልፎ ሁሉንም ይተካል።

ሰንጠረዡን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ በስምንት ስምንት ቦታ ነው የተሰደረው። ሠ 4640 ነው፣ ሰ 4656፤ ሣ 4643 ነው፣ ሳ 4659። ልዩነቱ ሁሌም 16 ስለሆነ «ቁ» ያልነውን ቁጥር ከ0 እስከ 6 እያስኬዱ ሰንጠረዥ[4640 + ቁ] = 4656 + ቁ ማለት ይበቃል። ሐን ወደ ሀ ለማምጣት 16 ይቀንሱ፣ ኀን 128፣ ዐን 48፣ ፀን ወደ ጸ ደግሞ 8። ስምንተኛውን ቦታ እንዳይጨምሩ፦ የሐ ስምንተኛ ሗ ነው፣ የሀ ስምንተኛ ግን ሇ፤ ድምፃቸው አይገናኝም። ሧን ወደ ሷ ብቻ ለብቻው ያስገቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ሀና ሃ፣ አና ኣም አንድ ድምፅ ናቸው። ትራንስሌት እያንዳንዱን ፊደል አንዴ ብቻ ስለሚያይ «ኃ ወደ ሃ» እና «ሃ ወደ ሀ» ቢሉት ኃይሌ ሃይሌ ላይ ይቆማል። ኃንም ሓንም ሃንም በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓንና ኣን በቀጥታ ወደ አ ይላኩ። እነዚህን መስመሮች ከላይኛው ስሌት በኋላ ይጻፉ፣ አለዚያ ስሌቱ ይሽራቸዋል።

«አዋሳ» ግን በዚህ አይፈታም። አን ወደ ሀ ካሉ አዳማ ሀዳማ ትሆናለች። ቃሉን በሙሉ በሪፕሌስ ቢተኩም «አዋሳኝ ቀበሌ» የሚለው «ሀዋሳኝ ቀበሌ» ሆኖ ይወጣል። የከተማ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ልክ «አዋሳ» ሲሆን ብቻ ይለውጡት።

አደራ፣ የተመዘገበውን ስም አይንኩ። ታካሚዋ መታወቂያዋ ላይ ፀሐይ ከሆነች ካርዷም ላይ ፀሐይ ትሁን። የተስተካከለውን ጽሑፍ «መፈለጊያ» በሚባል ሌላ አምድ ያስቀምጡ፤ ፈላጊው የሚጽፈውንም በዚያው ሰንጠረዥ አሳልፈው ከዚህ አምድ ጋር ያነጻጽሩ። ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ ሌላ፤ አንዴ ከተደባለቁ ወደ ነበሩበት የሚመልስ ትእዛዝ የለም።

ጥያቄ፦ ጽሑፍን በ«።» እየቆረጥኩ ወደ ዓረፍተ ነገር ስከፍል አንዳንዱ ገጽ ሳይቆረጥ ሙሉውን ይመጣል።
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጸሐፊው አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ሁለቴ በመምታት ጽፎታል። በዓይን አይለይም፤ ። አንድ ፊደል ነው፣ ቁጥሩ 4962፤ ፡፡ ግን ሁለት ጊዜ 4961 ነው። መጀመሪያ ፡፡ን በ። ይተኩ፣ በፈረንጅ ኪቦርድ የተመታውን ::ም እንዲሁ፤ ነጠላውን ፡ ወደ ክፍት ቦታ የሚለውጡት ከዚያ በኋላ ነው። ነጠላውን ካስቀደሙ ፡፡ ሁለት ክፍት ቦታ ሆኖ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጠፋል። ጃቫስክሪፕት በተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ሪፕሌስ የሚፈለገው ተራ ስትሪንግ ሲሆን የመጀመሪያውን ብቻ ስለሚተካ ሪፕሌስኦልን (replaceAll) ይጠቀሙ።