የጎርፍ ጠለፋችንን በሲሚንቶ ግንብ እንተካው?

ጥያቄ፦ በራያ ቆቦ ቆላ ማሽላና ጤፍ አርሳለሁ። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በእሾህ ጠልፈን ወደ ማሳችን እናስገባለን። ጠለፋው በየጊዜው ይፈርሳል። አሁን በሲሚንቶ ሊሠራላችሁ ነው ተብለናል። የድሮውን እንተወው?

መልስ፦ ሲሚንቶውን አልቃወምም፤ የሚያሰጋኝ የመግቢያው ጥበት ነው። በራያ ሸለቆ ዘመናዊ ተብለው ከተገነቡት የጎርፍ ጠለፋዎች በርካቶቹ የተነደፉት ዓመቱን ሙሉ በዝግታ ለሚፈስ ወንዝ በሚስማማ መልክ ነበር። ጎርፍ ግን ደለል፣ ጠጠርና ግንድ እየጠረገ ይመጣል፤ ጠባቡ መግቢያ ተደፈነ፣ ገበሬውም ወደ አፈር ጠለፋው ተመለሰ።

የእናንተ ጠለፋ መፍረሱን እንደ ጉድለት ብቻ አይዩት። መካከለኛውን ጎርፍ ወደ ማሳ ይመልሳል፤ ኃይለኛው ሲመጣ ራሱ ይሄድና ቦዩንና ማሳውን ያተርፋል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ጉልበት ይፈጃል፣ ቁጥቋጦ ያስመነጥራል።

ስለዚህ መሐንዲሱ ሲመጣ የውሃ አባቶቻችሁ፣ ውሃ ማከፋፈሉን የሚመሩት፣ አብረውት ወንዙን ይውረዱ። ጎርፉ የት እንደሚታጠፍ፣ ድንጋዩን የት እንደሚጥል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መግቢያው ሰፊና ክፍት ይሁን፤ ማሳው ሁሉ በአንድ መግቢያ ላይ አይንጠልጠል። ቦዩም በቂ ቁልቁለት ይኑረው፤ ደለሉ ቦይ ውስጥ ከተኛ መከራ ነው፣ ማሳ ከደረሰ ግን ማዳበሪያ ነው።

የታችኛው ቀበሌ ጉዳይም አለ። የአፈር ጠለፋ ስለሚያሾልክና ስለሚፈርስ ለእነሱም ይደርሳቸዋል፤ ግንብ ግን ውሃውን ሊያስቀርባቸው ይችላል። ጠቡ ሳይነሳ ድርሻው ከግንባታው በፊት በጽሑፍ ይስፈር። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለመደራጀት ሕጋዊ መሠረት ይሆናችኋል። በነገራችን ላይ በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ እስካሁን ያለ ፈቃድ ተጠቅማችኋል የሚል ቢመጣ አይደንግጡ።

ግንቡ ቢሠራም ባይሠራም የዘንድሮው ማሽላ አይጠብቅም። እንደ ደጋሊት ዘግይቶ ለሚደርስ ዘር፣ ጎርፉ ሰርጎ አፈሩ ለሞፈር እንደተመቸ ሳይውሉ ሳያድሩ ማሳውን ይረሱ፤ እርጥበቱ የሚያዘው ያኔ ነው። ሽልሻሎውንም፣ የበቀለውን ማሽላ መሃል ለመሃል ማረሱን፣ አይዝለሉት። ለጤፉ ግን ጎርፉን ከመዝራትዎ በፊት ያጠጡ፤ በቡቃያው ላይ ደለል ከተኛበት ታፍኖ ይቀራል።