የብረት ቢም፣ ኮለንና የኮንክሪት ሶሌታ የሚገናኙበት መጋጠሚያ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የብረት ቢሙ ከኮለኑ ጋር በብሎን ከታሰረ የሶሌታውን ፌሮ ትቼ ባሰላ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። ኮለኑ አጠገብ ሞመንቱ (ቢሙን የሚያጎብጠው የማጠፍ ጉልበት) ሶሌታውን ይስበዋል፤ ኮንክሪቱ ቶሎ ይሰነጠቅና ጉልበቱን ፌሮው ይረከባል። በቁጥር እንየው። ቁመቱ 400 ሚሊሜትር በሆነ ቢም ላይ 8 ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ቢዘረጋ የተቆረጠ ፊታቸው ጠቅላላ ስፋት 905 ካሬ ሚሊሜትር ነው። እያንዳንዱ 435 ሜጋፓስካል ቢሸከም ጠቅላላው ወደ 393 ኪሎኒውተን ይደርሳል። ፌሮው ከቢሙ ላይኛ ክንፍ (ከላይ ካለው አግድም ጠፍጣፋ ክፍል) 90 ሚሊሜትር ከፍ ካለ፣ እስከ ታችኛው ክንፍ መሃል 48 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ሞመንቱም 190 ኪሎኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ደግሞም መተዉ ሁልጊዜ ወደ ጥንቃቄ አያደላም። ፌሮው የሳበውን ያህል የታችኛው ክንፍ ኮለኑን ይገፋዋልና፣ ያላሰቡት ግፊት የኮለኑን ሆድ (ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኘውን ስስ ላሜራ) ሊያጎብጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ በእጅ ስሌት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የአውሮፓ የዲዛይን ደንቦች የሆኑት ዩሮኮድ 3 (የብረት) ክፍል 1-8 እና ዩሮኮድ 4 (የብረትና የኮንክሪት ጥምር) እያንዳንዱን አካል እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ያዩታል፦ ፌሮው፣ ብሎኖቹ፣ በቢሙ ጫፍ ተበይዶ ከኮለኑ ጋር የሚታሰረው የጫፍ ላሜራ፣ የኮለኑ ሆድ። በሁለቱም ጎን እኩል ሞመንት ካለ የፌሮው ሞላ የግትርነት ቁጥር የፌሮው ስፋት ለኮለኑ ክፍል ቁመት (ከክንፍ እስከ ክንፍ) ግማሽ ተካፍሎ ይገኛል፤ በ300 ሚሊሜትር ኮለን 905 ለ150፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር ያህል። ከዚያ ሶሌታውን ከቢሙ ጋር በሚያያይዙት የብረት ችንካሮች (ስተዶች) መንሸራተት ምክንያት ይቀነሳል። ይህ ቅነሳ ተዘሎ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ መጋጠሚያው ከእውነቱ ይልቅ ግትር ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ግትር ነው ለማለት መለኪያው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጎን ለጎን እንዳይወዛወዝ በተደገፈ ሕንፃ፣ የመነሻ ግትርነቱ ከቢሙ ኢ.አይ (የመጉበጥ ግትርነት) በርዝመቱ ተካፍሎ ከሚገኘው ቁጥር ቢያንስ 8 እጥፍ ሲሆን ነው፤ ባልተደገፈ ሕንፃ 25 እጥፍ። ከዚያው ቁጥር ግማሽ (0.5 እጥፍ) በታች ከሆነ እንደ ማጠፊያ ይቆጠራል። መሃል ላይ ያለው ከፊል ግትር ነው፤ ብረትና ኮንክሪት አብረው የሚሠሩባቸው ብዙዎቹ ጥምር መጋጠሚያዎች እዚያ ናቸው።

ጥያቄ፦ የፋይናይት ኤለመንት ሞዴሌ (አካሉን በጥቃቅን ክፍሎች መረብ ከፍሎ የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል) ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ ስሌቱ ይቆምብኛል።

መልስ፦ ጭነቱን በኃይል ሳይሆን በእንቅስቃሴ እየጨመሩ ይስጡ። ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚላላበትን መንገድ በስብራት ጉልበት (ስንጥቁን ለመክፈት በሚያስፈልገው ኢነርጂ) ይግለጹት፤ አለበለዚያ መረቡን ባጠበቡ ቁጥር መልሱ ይለዋወጣል። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ የጫፍ ላሜራውን ከኮለኑ ክንፍ ጋር አጣብቄ ሠርቼው፣ ውጤቱ ከሙከራው እጅግ የገተረ ሆነብኝ። ላሜራው ከላይ በኩል መላቀቅ፣ ከታች መጫን አለበት፤ ብሎኖቹም አስቀድመው ይወጠሩ።

ጥያቄ፦ የግራና የቀኝ ሞመንት ካልተመጣጠነስ?

መልስ፦ ያኔ የኮለኑ ሆድ በሸር (በተቃራኒ አቅጣጫ በሚያንሸራትት ኃይል) ይሠራል፤ የሚበልጠው የፌሮ ኃይልም በሌላኛው ጎን ሶሌታው ኮለኑን ተጭኖ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከኮለኑ ክንፍ ጋር ክፍተት ሳይኖር መሞላቱን ሥራ ቦታ ላይ በዓይንዎ ይዩ፤ ክፍተት ካለ ሞዴሉ ያሰበው ግፊት የሚያልፍበት መንገድ የለውም።