ጥፋቱ የማነው፣ የመስመሩ ወይስ የአሰልጣኙ?

ጥያቄ፦ የምደግፈው የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ዘንድሮ ኦፌንሲቭ ላይኑ፣ ማለትም ፊት ቆመው ተከላካዮችን የሚያግዱት አምስቱ ተጫዋቾች መስመር፣ ፈርሷል። ኳርተርባካችን (ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ኳሱን ሳይወረውር መሬት ላይ ይጣላል፣ ሩጫውም የለም። ጓደኞቼ የመስመር አሰልጣኙ ይባረር ይላሉ። እኔ ልጆቹ አብረው አልተጫወቱም ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ወዳንተ አደላለሁ። የመስመሩ አምስት ተጫዋቾች፣ መሃል ያለው ሴንተሩ፣ ከግራና ቀኙ ያሉት ሁለቱ ጋርዶችና ዳር ያሉት ሁለቱ ታክሎች፣ እንደ አንድ ሰው ማሰብ አለባቸው፤ የተጋጣሚ ተከላካዮች ቦታ ተቀያይረው ሲመጡ ማን ማንን እንደሚይዝ በቅጽበት ካልተግባቡና አንዱ ከተሳሳተ የአራቱ ልፋት ገደል ገባ። ይሄ በአንድ ክረምት ልምምድ አይመጣም። በ2018 የዝውውር ፖርታሉ (ተጫዋቾች ኮሌጅ ለመቀየር የሚመዘገቡበት) ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አብሮ የቆየ አምስት ማግኘት ከብዷል።

ሩጫውን በተመለከተ ግን ቁጥሩን በደንብ እዩት። በኮሌጅ ኳርተርባኩ ሲጣል የሚጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫው ነው፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል ግን ከቅብብሉ። እንበል ቡድናችሁ በ30 ሩጫ 90 ያርድ ተመዘገበለት። ከነዚህ 5ቱ ሳክ (ኳርተርባኩ ሳይወረውር የተጣለባቸው) ሆነው 40 ያርድ ወስደው ከሆነ፣ እውነተኛው ሩጫ 25 ጊዜ 130 ያርድ ነው። በአማካይ ከ5 ያርድ በላይ! ይሄ መሮጥ ያቃተው ቡድን አይደለም።

ሳኩም ሁሉ የመስመሩ ጥፋት አይደለም፣ ኳሱን ይዞ የሚቆይ ኳርተርባክ ራሱ ይጋብዘዋል። በውድድሩ መጨረሻም ያው ስህተት ከተደጋገመ ግን፣ ያኔ ጓደኞችህን እሰማቸዋለሁ።