የኪሮሽ ምህጻረ ቃላትና እምቢ ያሉ ስቲቾች፦ ጥያቄና መልስ

ባለኪሮሽ፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ፓተርኑ፣ ማለት የአሠራር መመሪያው፣ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉልኝ፣ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደቆማችሁም ንገሩኝ። «እምቢ አለኝ» ብቻ ካላችሁኝ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። ከአሁኑ ልናገር፤ ፓተርኑ የአሜሪካ ይሁን የእንግሊዝ ሳታጣሩ ኪሮሽ እንዳታነሱ።

ጀማሪዋ፦ እትዬ ሰላም። የኔው ፓተርን ሲ ኤች፣ ኤስ ኤል ኤስ ቲ፣ ኤስ ሲ፣ ኤች ዲ ሲ፣ ዲ ሲ፣ ቲ አር ይላል። ምን ምን ናቸው?

ባለኪሮሽ፦ ኤስ ሲ ካለበት የአሜሪካ ነው፣ ስለዚህ በአሜሪካ አጠራር ልንገርሽ። ሲ ኤች ቼን ነው፣ ሰንሰለቱ። ኤስ ኤል ኤስ ቲ ስሊፕ ስቲች (ስቲች በኪሮሽ የሚሠራው አንዱ ዓይን ነው)፤ ቁመት የለውም ማለት ይቻላል፣ ዙር ለመግጠም ወይም ከቦታ ቦታ ለመሄድ ነው። ከዚያ ኤስ ሲ ሲንግል፣ ኤች ዲ ሲ ሃፍ ደብል፣ ዲ ሲ ደብል፣ ቲ አር ትሬብል፣ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ። ኪሮሹን ከማስገባትሽ በፊት ለሲንግል ክር አትጠመጥሚም፣ ለሃፍ ደብልና ለደብል አንዴ፣ ለትሬብል ሁለቴ። ሃፍ ደብልና ደብል የሚለያዩት አጨራረሱ ላይ ነው፤ ሃፍ ደብል ሦስቱንም ቀለበት ባንዴ ታሳልፊያለሽ፣ ደብል ግን ሁለት ሁለት እያልሽ ነው።

የለንደኗ፦ እዚህ ከገዛሁት መጽሔት ላይ ድብ እየሠራሁ ነው። ዲ ሲ ብቻ ነው የሚለው። ሠራሁት፣ ግን ድቡ ከፎቶው በጣም ተልቆ ወጣ፣ የሞላሁትም ጥጥ በየቀዳዳው ይታያል። ኪሮሹን ላሳንሰው?

ባለኪሮሽ፦ አይ፣ ኪሮሹን ተይው። ይኸው ሁሌ የምጮህበት ነገር! የእንግሊዝ ዲ ሲ ማለት የአሜሪካ ኤስ ሲ ነው። አንቺ ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካኑን ደብል ተምረሽ ያንን ረጅሙን ስቲች ድብ ላይ ሠራሽበት፤ ረጅም ስቲች ደግሞ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ጥጡ ይታያል። እንግሊዞቹ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ነው የሚጠሩት። የአሜሪካ ሃፍ ደብል እነሱ ጋ ሃፍ ትሬብል ነው፣ የአሜሪካ ደብል እነሱ ጋ ትሬብል፣ የአሜሪካ ትሬብል እነሱ ጋ ደብል ትሬብል። እንግሊዞች ሲንግል የሚሉት ስቲች ስለሌላቸው ኤስ ሲ ካየሽ አሜሪካ ነው፣ አለቀ። ኤስ ሲ ከሌለ ደግሞ ሌላ ቃል ፈልጊ፤ ስቲች ዝለሉ ለማለት «ስኪፕ» ካለ አሜሪካ፣ «ሚስ» ካለ እንግሊዝ። በተወሰነ ስፋት ስንት ስቲች እንደሚገባ የሚነግረውን ልክ «ጌጅ» ካለ አሜሪካ፣ «ቴንሽን» ካለ እንግሊዝ። እሱም ከጠፋ የረድፉን መጀመሪያ እይው፤ አንድ ቼን አድርጎ ዲ ሲ ከጀመረ የእንግሊዝ መሆኑ ነው፣ ሦስት ቼን ካደረገ የአሜሪካ። ድቡን ፍቺው፣ ሌላ መላ የለውም።

ሳሪስ፦ ኤች ኪሮሽ ይላል፣ ስንት ነው?

ባለኪሮሽ፦ 5 ሚሊ ሜትር። ጂ ደግሞ 4። በድሮው የእንግሊዝ ቁጥር ያው 5 ሚሊው 6 ቁጥር ይባላል፣ 4ቱ 8 ቁጥር፤ ስለዚህ ፊደሉንም ቁጥሩንም ትተሽ ሚሊውን እመኚ።

የናዝሬቷ፦ እናቶቻችን ግን ይሄ ሁሉ ዲ ሲ ኤስ ሲ ሳይኖር የሶፋውን፣ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ይሠሩ አልነበር? የጎረቤት ዳንቴል ለአንድ ማታ ተውሰው፣ አይተው፣ ልክክ አድርገው ይገለብጡታል። ነገሩን ያከበዳችሁት እናንተ ናችሁ።

የክር ሱሰኛ፦ እሺ ድብ ገልብጠሽ ሥሪያ፣ ተሰፍቶ ያለቀ ነገር ውስጡን በየት በኩል አይተሽ ነው?

የናዝሬቷ፦ ድብ ማን ጠየቀሽ፣ ስለ ዳንቴል ነው የማወራው።

መገናኛ፦ የቴሌቪዥን ዳንቴል አሁን ማን ይገዛል፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ግድግዳ ላይ ወጥቷል ሃሃ

ባለኪሮሽ፦ ጭቅጭቁን ተዉት። የናዝሬቷ ግን ልክ ናት። እነዚያ ሴቶች ሥራውን ራሱን ያነቡ ነበር። እኔም ቻርት ተማሩ እያልኩ የምነዘንዛችሁ ለዚሁ ነው፤ ቻርት የዳንቴሉ ሥዕል ነው፣ እንግሊዝኛ አይፈልግም፣ አሜሪካና እንግሊዝ የሚባል ጣጣም የለውም። የጃፓን መጽሐፍ ገዝታችሁ አንዲት ፊደል ሳታነቡ መሥራት ትችላላችሁ። ሞላላ ክብ ቼን ነው። ጥቁር ነጥብ ስሊፕ ስቲች። መስቀል ወይም የኤክስ ምልክት ሲንግል። ቲ ፊደል የሚመስለው ሃፍ ደብል፣ ቲው ወገቡ ላይ አንድ ሰረዝ ካለው ደብል፣ ሁለት ሰረዝ ካለው ትሬብል። ሰረዙን ከጥምጥሙ ጋር አስተያዩት፤ አንድ ሰረዝ አንድ ጥምጥም፣ ሁለት ሰረዝ ሁለት። ቲዎቹ እግራቸው አንድ ቦታ ከተገናኘ ሁሉንም አንድ ስቲች ውስጥ ሥሩ፣ ጭንቅላታቸው ከተገናኘ አንድ ላይ ዝጉ፣ ማለት መቀነስ ነው። ክብ ዳንቴል ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ይነበባል፣ በቀኝ እጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ። በዚህ ጉዳይ እስኪነጋ ላወራ እችላለሁ።

ሐዋሳ፦ «ኮከብ፣ 2 ኤስ ሲ፣ 1 አይ ኤን ሲ፣ ከኮከቡ ጀምሮ 5 ጊዜ ደግሞ ድገም፣ (24)» ይላል። አምስት ጊዜ ሠርቼ 20 ብቻ መጣልኝ። የቀድሞው ዙር 18 ነበር።

ባለኪሮሽ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! «ደግሞ» የምትለዋን ዘለሻታል። የመጀመሪያውን ሠርተሽ፣ ከዚያ በላይ አምስት፣ በድምሩ ስድስት ነው። አይ ኤን ሲ መጨመር ነው፣ አንድ ስቲች ውስጥ ሁለት ሲንግል። በስድስት ተጀምሮ በየዙሩ ስድስት ይጨመራል፣ 6፣ 12፣ 18፣ 24። ካነሰ እንደ ቆብ ይጎብጣል፣ ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። መጨረሻ ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ዙሩ ሲያልቅ ሊኖርሽ የሚገባው ነው። ቁጠሪ። በየዙሩ ቁጠሪ።

ብርሃን፦ እምቢ አለኝ፣ እርዱኝ

ባለኪሮሽ፦ ምኑ?

ብርሃን፦ ብርድ ልብሱ። በደብል ነው። እየሠራሁ ስሄድ ሦስት ማዕዘን ሆነ።

ባለኪሮሽ፦ ከየረድፉ አንድ ስቲች እየጣልሽ ነው፣ አትቆጥሪማ። ደብል ላይ አዲስ ረድፍ ስትጀምሪ የምትሠሪው መዞሪያ ሦስት ቼን ራሱ እንደ አንድ ደብል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ስቲች ትዘያለሽ፣ በረድፉ መጨረሻ ግን የታችኛው ረድፍ መዞሪያ ሦስተኛ ቼን ጫፍ ላይ አንድ ደብል ትሠሪያለሽ። የምትረሺው እሱን ነው። ክር ስለሚመስል አይታይም፣ ሌላ ቀለም ክር እሰሪበት። ሲንግል ከሆነ መዞሪያው አንድ ቼን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፣ ያኔ የመጀመሪያው ስቲች ላይ ነው የሚጀመረው።

ጅዳ፦ እትዬ፣ ማጂክ ሪንጉ፣ ያ ዙር የሚጀመርበት ጅራቱ ሲሳብ የሚጠብቀው ቀለበት፣ ከታጠበ በኋላ ተከፈተብኝ። ደግሞ ፖፕኮርንና ቦብል አንድ ናቸው?

ባለኪሮሽ፦ ሪንጉን ጅራቱን ስበሽ ቆርጠሽዋላ። ጅራቱን ረዘም አድርገሽ ተዪው፣ በመርፌ ቀለበቱን አንዴ ዙሪው፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይረሽ መልሺው። ካስጠላሽ ሁለት ቼን ሠርተሽ የመጀመሪያው ቼን ውስጥ ስድስት ሲንግል ጀምሪ፣ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራታል እንጂ አይከፈትም።

ፖፕኮርንና ቦብል አንድ አይደሉም። ቦብል አምስት ደብል አንድ ስቲች ውስጥ ትጀምሪያለሽ፣ ግን የሁሉንም የመጨረሻ ሁለት ቀለበት ሳትዘጊ። ኪሮሹ ላይ ስድስት ቀለበት ይቀራል፣ ባንዴ ታሳልፊበታለሽ። ፖፕኮርን ደግሞ አምስቱም ደብል ያለቁ ናቸው፤ ኪሮሹን ነቅለሽ የመጀመሪያው ደብል ራስ ላይ ከፊት ታስገቢና የለቀቅሽውን ቀለበት ይዘሽ በዚያ ትስቢዋለሽ። ፖፕኮርን ጉብ ብሎ ይወጣል፣ ቦብል ለስለስ ይላል። ቦብል ወደ ጀርባ መጉበጥ ስለሚወድ ብዙ ፓተርን ከኋላው በኩል ያሠራችኋል፣ እየሠራሽ ካልታየሽ አትደንግጪ።

ቃሊቲ፦ ዲ ሲ ምንድነው?

ባለኪሮሽ፦ ወይ ጉድ። ከላይ አንብቢ። የአሜሪካ ነው የእንግሊዝ?

ቃሊቲ፦ አላውቅም

ባለኪሮሽ፦ እንግዲያው እኔም አላውቅም።

መገናኛ፦ ክር የት ይገኛል? ለአንድ ቶፕስ ስንት ላስከፍል?

ባለኪሮሽ፦ መርካቶ። ዋጋ አልገባም።

አዳማ 2፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ ግራኝም ነኝ። ኤፍ ፒ ዲ ሲ የሚለው ላይ ነው የቆምኩት።

ባለኪሮሽ፦ ግራኝ ከሆንክ አቅጣጫውን ሁሉ ገልብጠው፣ ቻርቱንም በተቃራኒ አንብበው። ኤፍ ፒ ዲ ሲ የፊት ፖስት ደብል ነው። ኪሮሹን ራሱ ላይ አታስገባ፤ የታችኛውን ደብል ቁመት፣ ግንዱን፣ ከፊት ገብተህ ከኋላው ዞረህ በሌላው ጎኑ ወደ ፊት ውጣ። ኪሮሽህ ከግንዱ ጀርባ ተጋድሞ ግንዱ ፊት ለፊትህ ከታየህ ልክ ነህ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደብል ጨርሰው። ቢ ፒ ካለ ተቃራኒው ነው፣ ከኋላ ገብተህ ከኋላ ትወጣለህ። ሁለቱን እያፈራረቅህ ከሠራህ የሹራብ እጅጌ ጫፍ የሚመስል ላስቲክ ይወጣል።

አዳማ 2፦ ከኋላው የቀረው ስቲችስ?

ባለኪሮሽ፦ ዝለለው። እሱ ላይ ደግመህ ከሠራህ ቁጥሩ ይበዛብሃል።