17ኛው ጥያቄ

ይድረስ ሥነ ልቦና ለምታጠኑ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች። የዶርም ጓደኛዋ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች። ምግብ ትታለች። "ብኖር ባልኖር ለማን ምን ይጎድላል" ትላለች። "ፕሮፌሰር፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ይሆን ብዬ ብጠይቃት፣ ሐሳቡን እኔው ባስገባባትስ?" አለችኝ። "ጠይቂያት፤ ብቻዋን አትተያት፤ ዛሬውኑ ክሊኒክ አብረሻት ሂጂ" አልኳት። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከ30 ዓመት በፊት ነው። ገና ጀማሪ ሆኜ ለአንድ ጥናት ገጠር ወረድኩ። የያዝነው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ20 ጥያቄ ቅጽ ነበር። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ እያለ ይቀጥላል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። በቀን ብዙ ቤት ማዳረስ ነበረብኝ።

ከቀትር በኋላ አንድ ጎጆ ደረስኩ። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሕፃን አዝላለች። ቡና ላፍላ አለች፤ ቸኩያለሁ አልኳት። ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። ሱፍ የገባበት፣ ልክ እናቴ የምትቆላው ዓይነት። እናቴ አንድ ነገር ሲከፋት "ሆድ ይፍጀው" ብላ ቆሎ ትቆላ ነበር። ምን እንደሆነች ጠይቄያት አላውቅም።

17ኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። "እህቴ፣ ሕይወቴን ባጠፋ የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?" ዝም አለች። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች "አዎ" አለች።

ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ወዲያው 18ኛውን ጠየቅኳት። "ሁልጊዜ ድካም ይሰማሻል?"

ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የቀሩትን በአንድ በአንድ ቃል መለሰችልኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ ቅጾቹን ሳገላብጥ ደነገጥኩ። በማግስቱ የተመደብኩት ግን ሌላ ቀበሌ ነበር፤ ሄድኩ። የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቷ "ወደ ወላጆቿ ሄዳለች" አለችኝ፤ አገሩን አታውቀውም። የሴትየዋን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በሪፖርታችን ውስጥ ከመቶኛው ስሌት አንዷ ሆና ቀረች። ዕድሜዬን በሙሉ ራስን ስለማጥፋት ያጠናሁት በሷ ምክንያት ነው።

ለተማሪዋ ፍርሃት መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ ከ2,300 በላይ የኒው ዮርክ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ራስን ስለማጥፋት የተጠየቁት ካልተጠየቁት የባሰ ጭንቀት አልታየባቸውም። እንዲያውም ድባቴ ካለባቸው መካከል የተጠየቁት ቀለል ብሏቸው ነው የተገኙት። ሐሳቡ ቀድሞም ነበረ፤ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ተይዞ።

ቁጥር ብቻውን ሰው አያድንም። ይህን ስል ጀሮም ሞቶ (Jerome Motto) የሚባሉ ሰው ትዝ ይሉኛል። የሳን ፍራንሲስኮ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ። ከሆስፒታል ወጥተው ክትትል እምቢ ላሉ ሰዎች አጫጭር ደብዳቤ ይላክ ጀመር፤ እንዴት ነህ፣ እናስብሃለን የሚል። ከዚያ ሌላ ምንም አይጠይቅም። እስከ አምስት ዓመት ተላከ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ሆኑ። ይህንንም ያወቁት ቆጥረው ነው። ስለዚህ ቁጥርን ስነቅፍ ሙሉ በሙሉ አትመኑኝ።

እናንተ ድባቴ የሚለውን ቃል ሳታፍሩ ትናገራላችሁ። እኛ አንችልም ነበር፤ በዚህ እኮራባችኋለሁ። ግን ቴሌግራም ላይ "አይዞህ" ብሎ ማለፍ ቀሏችኋል። ቤት ድረስ ሄዶ መቀመጥ ይከብዳችኋል።

መስክ ስትወጡም አሁን የምትይዙት ታብሌት ነው። መልሱን ስትነኩት ቀጣዩ ጥያቄ በሴኮንድ ይመጣል። ይህ ያሳስበኛል። በወረቀት ዘመን እኔ ባዘጋጀሁት ቅጽ ሁሉ 17ኛው ጥያቄ የገጹ መጨረሻ ላይ ነበር። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ እተው ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎቹ "እዚህ ምን እንጻፍ?" ሲሉኝ፣ "ምንም አትጻፉ፤ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ቡናውን ጠጡ" እላቸው ነበር።